የሻምበሉ ጂፕ ሞተር በራኩባችን ሥር

ሞተሩን ያመጡት በትራክተር ተሳቢ ላይ ጭነው፣ በሰሊጥ ጆንያ ሸፍነው ነበር። ቀትር ነው። መተማ ላይ በዚያ ሰዓት ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም። እኔ ከክሊኒክ ለምሳ ገብቼ እግሬን ስታጠብ ትራክተሩ በራችን ላይ ቆሞ ሲያጓራ ሰማሁና ወጣሁ። ተሳቢው ላይ ጠመንጃ ያነገቱ ወታደሮች ቆመዋል። መነጽር ያደረገ ቀጭን ወጣት መሬት ወርዶ አጥራችንን ከላይ እስከ ታች ያያል። የወረዳው ካድሬ ነው። አውቀዋለሁ፤ ወባ ሲነሣበት መርፌ የምወጋው እኔ ነበርኩ።

«ባለቤትሽ አለ?» አለኝ።

«አለ። ጋደም ብሏል።»

«ቀስቅሽው። ሥራ አምጥተንለታል።»

ጆንያውን ሳይገልጡት የማን ሞተር እንደሆነ ገብቶኛል። ከተማው ስለ እሱ በሹክሹክታ ሲያወራ ነበር የሰነበተው። የጦር ሰፈሩ አዛዥ ሻምበል የሚሄድባት ጂፕ ከኮኪት መንደር ወዲያ፣ ጫካ ያሉት ሰዎች ይመላለሱበታል ከሚባል ቦታ ስትደርስ ድንገት ኳ፣ ኳ ብላ ቀጥ አለች። ሻምበሉና አጃቢዎቹ የጭነት መኪና እስኪያልፍ ድረስ ማሽላ ውስጥ በሆዳቸው ተኝተው ዋሉ አሉ። በማግስቱ የመንግሥት ጋራዡ መካኒክ ካናቴራ እንደለበሰ ከቤቱ ተወሰደ። አሻጥር ሠርቷል ተባለ። በደርግ ጊዜ ላልኖረ ሰው ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ማስረዳት ያስቸግራል። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ተከራካሪ የለውም። ቤቱ ሰው አይገባም፤ ሚስቱ ገበያ ስትወጣ ሰላም የሚላት ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ደግሞ ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም።

ባለቤቴ ዓይኑን እያሸ ወጣ። ሞተሩን አየና ቆመ። ከዚያ ካድሬውን አየ።

«ጓድ ሻምበል ይህ ሞተር ቶሎ እንዲነሣ ይፈልጋሉ» አለ ካድሬው። ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ የጎጃም ልጅ መሆኑ ከአነጋገሩ ይታወቃል። «ጋራዡ ታሽጓል። እዚሁ ትሠራዋለህ። እኔም ጠዋትና ከሰዓት እየመጣሁ አያለሁ።»

«እሺ» አለ ባለቤቴ።

«ሌላም ነገር አለ። ስትፈታው ያገኘኸውን ሁሉ ለእኔ ትነግረኛለህ። አሸዋ ይሁን፣ ስኳር ይሁን፣ የላላ ብሎን ይሁን። የሰው እጅ ካለበት ማወቅ አለብን።»

«የሰው እጅ ከሌለበትስ?»

ካድሬው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «እሱንም ትነግረኛለህ» አለ። «ግን ስትነግረኝ ራስህን አስይዘህ ነው።»

ሞተሩን ከራኩባው ሥር አወረዱት። ራኩባ የምንለው በባላ ላይ የማሽላ አገዳ የረበረብንበትን ዳስ ነው፤ ከድንበሩ ማዶ የመጣ ቃል ነው። ባለቤቴ የሚሠራው እዚያ ነበር። ድሮ አብደራፊ የአንድ ባለሀብት እርሻ ላይ የትራክተር መካኒክ ነበር። እርሻው ሲወረስ ከሥራ ወጣ፤ እኔ መተማ ክሊኒክ ስመደብ አብሮኝ መጣ። ጋራዥ ለመክፈት ፈቃድ የሚሰጠው አልነበረም። ስለዚህ በግቢያችን ግንድ ተክሎ ብረት ቆንጥጦ የሚይዝ ሞርሳ አሰረበትና የሞተር ዕቃ ማደስ ጀመረ። ከሱዳኑ ገዳሪፍ የሚመጡ የሎሪ ሾፌሮች፣ የእርሻ ሰዎች፣ ወፍጮ ያላቸው ሁሉ የጠቆረና የዛገ ዕቃቸውን ያመጡለታል። ካርቡራቶር፣ ፒስተን፣ ቫልቭ፣ የቫልቭ ክዳን። እሱ ይሞርዳል፣ ይፍቃል፤ ማጽዳትና ማለስለስ ደግሞ እያደር የእኔ ሥራ ሆነ። በላምባ አጥባለሁ፤ በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ደቃቁ እየወረድኩ አሻለሁ፤ በመጨረሻ የተነፋ አመድ በሰሊጥ ዘይት ለውሼ በፍላኔል ጨርቅ እወለውላለሁ። ጥቁሩ ጥላሸት ለቅቆ የብረቱ ነጭ ገላ ብቅ ሲል ደስ ይለኝ ነበር። በክሊኒክ ቀኑን ሙሉ የማይድን ነገር ሳይ ለዋልኩት፣ እጄ ላይ የሚድን ነገር ማየት ትልቅ ነገር ነው።

የሻምበሉ ሞተር ከመጣ ጀምሮ ግን ዓይኔ ከብረቱ ወደ አጥሩ በር ይሄድ ጀመር።

ባለቤቴ የላይኛውን ክፍል ፈታና ምንም አላገኘም። ፒስተኖቹ ደህና ናቸው፤ ቫልቮቹም እንደዚያው። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩን ገልብጦ የታችኛውን ክዳን ከፈተ። ኮሎው ታየ፤ ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት ጠማማው ወፍራም ዘንግ ማለት ነው። ኮሎው ብረት ላይ ብረት እንዳይፋጭ በየቦታው በግማሽ ክብ ለስላሳ ቁርጥራጮች ይታቀፋል፤ መካኒኮች ብሮንዝ ይሏቸዋል። ባለቤቴ አንዱን ብሮንዝ አውጥቶ ወደ ብርሃን አዞረው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። ሲጨንቀው የሚያደርገው ነው። ክሊኒክ ለመሄድ ነጠላዬን ለብሼ ነበር፤ ተመልሼ ጎኑ ቆምኩ።

«እይው» አለኝ በለሆሳስ።

ብሮንዙ ተቦጫጭሯል። በጭረቶቹ ውስጥ ከብረቱ ጋር የተጣበቁ፣ ፀሐይ ሲያገኛቸው ብልጭ የሚሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። በጥፍሩ አንዱን ፈልቅቆ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። አሻሸሁት። ጣቶቼ ወዲያው አወቁት። በየቀኑ ስነካው የምውል ነገር ነው፤ የብርጭቆ ወረቀት ፍርፋሪ።

«ኮሎውን ወልውሎታል» አለ ባለቤቴ፤ የታሰረውን ሰው ማለቱ ነው። «ሥራው ጥሩ ነው፣ ልስላሴው ያስታውቃል። ግን የዘይት ቀዳዳዎቹን ሳያጥብ ገጠመው። ፍርፋሪው ቀዳዳው ውስጥ ቀርቶ፣ ዘይቱ እየገፋ አምጥቶ ብሮንዙን በላው።»

«ሆን ብሎ?»

«ምን ነካሽ! ሆን ብሎ ቢሆንማ ማን ይለፋል? እፍኝ አፈር ዘይቱ ውስጥ መጨመር ይበቃዋል። ረስቶት ነው።»

ረስቶት ነው። ይህን ለማን ነው የምንናገረው? ካድሬው ያለን ገና ጆሯችን ላይ ነው፤ አሸዋ ይሁን ስኳር ይሁን። ፍርፋሪውን መዳፉ ላይ ብናስቀምጥለት የሚያየው አሸዋ ነው። ያ ሰው ደግሞ በዚያው ሳምንት ያልቅለታል። ዝም ብንል፣ በኋላ ከጎንደር ሌላ መካኒክ ቢልኩና ቢያየው፣ የአሻጥረኛ ተባባሪዎች እኛ ነን።

አጥሩ በር ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። ባለቤቴ ብሮንዙን ጆንያው ላይ ከሌሎቹ ጋር ደፍቶ አስቀመጠው። ካድሬው ገብቶ ሁሉንም በዓይኑ ቆጠረ።

«ምን አለ?»

«ገና ነው፤ ቅባት በቅባት ነው። ታጥቦ ነው የሚታየው» አለ ባለቤቴ።

እኔ ሰላም ብዬ ወደ ክሊኒክ ሄድኩ። መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ያን ቀን ለአንዲት እናት መድኃኒት ስሰጥ የምትወስድበትን ሰዓት አዛብቼ ነግሬያት ከበር አስጠርቼ መለስኳት።

ከሰዓት በኋላ የታሳሪው ሚስት መጣች። ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፤ እታለም ነበር የምላት። ጥርሴን አመመኝ ብላ ነው የገባችው። በሩን ገርበብ አድርጌ አፏን እንደማይ ሆኜ ጎንበስ አልኩ።

«እታለም፣ እንዴት ነዎት?»

«ምን እሆናለሁ ልጄ። ምግብ ይቀበሉኛል፤ እሱን አያሳዩኝም። ትናንት ግን አንዱ ዘብ አዘነልኝና በአጥሩ አነጋገረኝ።» እጄን ያዘችው። «አንድ ነገር ብቻ ይላል። 'አጠብኩት ወይስ አላጠብኩትም?' ይላል። ያን ብረት በሠራበት ቀን ወባው ተነሥቶበት፣ እየተንቀጠቀጠ ነው የዋለው። ተኛ ስለው፣ ሻምበሉ ጂፗን ነገ ይፈልጓታል አለኝ። ምን እንዳደረገ አያስታውስም። ቢጠይቁት የሚመልሰው የለውም።»

 ምን አገኛችሁ ብላ አልጠየቀችኝም። ዓይኔን ብቻ አየች። ከዚያ ተነሥታ፣ «ጥርሴ ተሻለኝ» ብላ ወጣች። ከኋላዋ ስመለከታት የነጠላዋ ጫፍ መሬት ይጎተት ነበር፤ አላነሣችውም።

ቤት ስገባ ካድሬው ሄዷል። ባለቤቴ ብሮንዞቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዟቸዋል።

«ጓንግ ወንዝ ልጥላቸው» አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አይቷቸዋል እኮ! ጠዋት አንድ በአንድ ሲያይ ነበር። የት ሄዱ ቢልህስ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

የታሳሪው ሚስት የነገረችኝን ነገርኩት። ወባ ይዞት እየሠራ እንደነበር ሲሰማ ግንባሩን ሞርሳው ላይ አስደገፈ።  ከታሰረው ሰው ጋር እንደ ወንድማማች አልነበሩም፤ በሥራ ይፎካከሩ ነበር፤ አንዳንዴም ሰላምታቸው ይቀዘቅዛል። ግን ያ ሰው የረሳውን ነገር እሱም ሊረሳው እንደሚችል ያውቃል።

«ስጠኝ» አልኩት። «እኔ አጸዳቸዋለሁ።»

«ምን?»

«ፍርፋሪውን አወጣለሁ። ከዚያ እንደማንኛውም ዕቃ እወለውላቸዋለሁ። ያለቀ ብሮንዝ ይመስላሉ እንጂ ሌላ ነገር አይታይባቸውም።»

ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። አይሆንም አላለኝም። ቢላዋዬን ራሱ ስሎ ሰጠኝ።

በማግስቱ እሑድ ነበርና ክሊኒክ አልሄድኩም። ገና በማለዳ ከራኩባው ሥር ተቀመጥኩ። በቢላዋው ጫፍ የተጣበቀውን ፍርፋሪ እየፈለቀቅሁ ላምባ ጣሳ ውስጥ እጥላለሁ። ከዚያ በደቃቁ ወረቀት፣ ከዚያ በአመድና በሰሊጥ ዘይት። ስሠራ ሁልጊዜ የማንጎራጉር ሰው፣ ያን ቀን ትንፋሼን እንኳ ቆጥቤ ነው የሠራሁት። ባለቤቴ ሞተሩ ላይ አጎንብሷል፤ ጆሮው ግን በሩ ላይ ነው። የሚያልፍ አህያ ሁሉ ያስደነግጠናል።

ካድሬው በሰዓቱ አልመጣም። ቀድሞ መጣ። ጎማ ጫማ አድርጎ ስለነበር ኮቴው አልተሰማንም። ቀና ስል ከፊቴ ቆሟል።

በእጄ የያዝኩት የመጨረሻዎቹን ነበር። ጣሳው፣ ፍርፋሪው ከሥሩ የረጋበት ጣሳ፣ ከጉልበቴ አጠገብ ነው። ካድሬው ቁጢጥ አለና አንዱን የተወለወለ ብሮንዝ አነሣ። ወደ መነጽሩ አስጠጋው።

«ይሄ አሮጌው አይደለም?»

«ነው» አልኩት።

«ይጣላል፣ አይደል? አዲስ ከጎንደር እየመጣ ነው። የሚጣለውን ለምን ታጸጅዋለሽ?»

ባለቤቴ መፍቻውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።  የመጣልኝን ተናገርኩ።

«ውፍረቱ ይለካል። ቅባትና ቆሻሻ ካለበት ልኩ አይመጣም። አዲሱ በስንት እንደሚገባ የሚታወቀው በአሮጌው ነው።»

እውነትና ውሸት የተቀላቀለበት ነው። ይለካል፤ ግን ማንም እንደዚያ አይወለውለውም።

ካድሬው ብሮንዙን አገላበጠው። ጣቱን በውስጡ አሳለፈ። ከዚያ ጣሳውን አየ። ላምባው ደፍርሷል፤ ከላይ ሲያዩት ከጥቁር ውኃ በቀር ምንም የለም። ሊያነሣው መሰለኝ። እሱ ግን ብሮንዙን በጥንቃቄ ጨርቁ ላይ መለሰውና ተነሣ።

«እንግዲያስ በደንብ አጽጅው» አለኝ።

ያን ቃል ስንት ጊዜ አውጥቼ አውርጄዋለሁ! የገባው ሰው ነው የተናገረው ወይስ ያልገባው? ያን ጊዜም አላወቅሁም፤ እስከ ዛሬም አላውቅም። ካድሬው ወደ አጥሩ ጥግ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ሲጋራ ለኮሰ። ባለቤቴ ጣሳውን አንሥቶ እንደ ዘበት ከጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ደፋው።

ከዚያ በኋላ የቀረው የኮሎው ሥራ ነው። ኮሎውም ተቧጥጧልና መለስለስ አለበት። ደቃቁን ወረቀት በሥሡ ቀድደን፣ በላምባ አርሰን፣ ክቡ ላይ እንጠመጥመዋለን። በላዩ ላይ ገመድ እናዞርበታለን። ባለቤቴ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል ቆመን ገመዱን እየተቀባበልን እንስባለን። አንዱ ከሌላው ካጠነከረ ብረቱ እኩል አይበላም። ፊት ለፊት ቆመን፣ እሱ ሲስብ እኔ ስለቅ፣ እኔ ስስብ እሱ ሲለቅ፣ ቀኑ ይውላል። ካድሬው ጥግ ተቀምጦ ያየናል። ቃል አንለዋወጥም። የባለቤቴን ዓይን ስመለከት የራሴን ፍርሃት አየዋለሁ፤ እሱም የእኔን ሲያይ እንደዚያው መሆን አለበት፤ ወዲያው ወደ ብረቱ ያጎነብሳል።

መለስለሱ ሲያልቅ የማጠቡ ነገር መጣ። እንደዚያ ጊዜ አንድ ነገር አጥቤ አላውቅም። ክሊኒክ የተጣለ ትልቅ የመስታወት ሲሪንጅ ነበረኝ። በእሱ ላምባ እየሳብኩ በየዘይት ቀዳዳው እገፋለሁ፤ በሌላው በኩል ነጭ ጨርቅ ይዤ የሚወጣውን አያለሁ። ከዚያ የሳሙና ሙቅ ውኃ። ከዚያ የጥጥ ፈትል በሽቦ አስገብቼ በወዲያ አወጣለሁ። ፈትሉ ነጭ ሆኖ ወጣ። ደግሜ አስገባሁ። ባለቤቴ፣ «በቃ፣ ጸድቷል» አለኝ። «አንድ ጊዜ ልድገመው» አልኩት። እሱም ተቀብሎ ራሱ ደገመው። ጨርሰን ከገጠምነው በኋላ እንኳ እጄን ስታጠብ ድንገት ብድግ እልና፣ «የኋለኛዋን ቀዳዳ አጥቤያታለሁ አይደል?» እለዋለሁ። የታሰረው ሰው የሚያስበውን እያሰብኩ መሆኔን ያወቅሁት ያኔ ነው።

አዲሱ ብሮንዝ ከጎንደር መጥቶ ተገጠመና ሞተሩ ተነሣ። ድምፁ ጥሩ ነበር። ካድሬው ባለቤቴን ወደ ዳር ወሰደው፤ እኔ ከበሩ ሥር ሆኜ እሰማለሁ።

«እሺ፤ ምን አገኘህ?»

«ዘይቱ አርጅቷል። የዘይት ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኗል። ብሮንዙ በዚህ አልቋል።»

«የሰው እጅ የለበትም?»

«የለበትም።»

«ይህን ለሻምበሉ ልነግራቸው ነው።»

«ይንገሯቸው።»

ለሻምበሉ ነገራቸው። መልሱ የመጣው በወታደር ነው። ጂፗ በማግስቱ ከኮኪት ወዲያ ወዳለው የእርሻ ካምፕ ትሄዳለች፤ ሄዳ በደህና እስክትመለስ ድረስ ሠራተኛው ጦር ሰፈር ይቆያል ተባለ። ባለቤቴ ጋቢውን ብቻ ይዞ ሄደ። ልሸኘው ብወጣ፣ «ግቢ፤ ፀሐይ ነው» አለኝ። እንደዚያ ብቻ ተለያየን።

በማግስቱ ጠዋት የክሊኒኩ ኃላፊ አስጠራኝ። ካምፑ ውስጥ ከወሎና ከጎጃም ለአጨዳ የመጡ ሠራተኞች ተቅማጥ ይዟቸው እየወደቁ ነው። መድኃኒት ይዘሽ ሂጂ አለኝ። «በምን ልሂድ?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ሻምበሉ በዚያ በኩል ስለሚሄዱ በጂፗ ያደርሱሻል» አለ። በዚያች ጂፕ መሄድ አልፈለግሁም። እምቢ ማለት ግን የሚታሰብ አልነበረም።

ሻምበሉ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። ወፍራም፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። እኔ ከኋላ በወታደሮቹ መካከል፣ የመድኃኒቱን ሣጥን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። የማን ሚስት እንደሆንኩ ያወቁ አይመስለኝም።

መንገዱ ገና ከክረምት የደረቀ ጥቁር አፈር ነው፤ ጎማ የቆፈረው ሁሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። በግራም በቀኝም የታጨደ ሰሊጥ እየታሰረ ተከምሯል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓይኔ እዚያ ላይ በዋለ። ያን ቀን መላ ሰውነቴ ጆሮ ሆኗል። ከእግሬ ሥር የሞተሩን ትርታ አዳምጣለሁ፤ የታማሚ ልብ እንደማዳምጠው። ዳገት ሲሆን ድምፁ ይወፍራል፤ እኔም አብሬው ትንፋሼን እይዛለሁ። ማርሽ ሲቀየር ልቤ ስንጥቅ ይላል። በሐሳቤ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ እያጠብኩ ነው።

ኮኪትን አለፍን። ሜዳው አልቆ ቁጥቋጦው ተጀመረ። ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን አስተካከሉ።

ያኔ ሰማሁት። ኳ። ቀጥሎ ኳ፣ ኳ።

መጀመሪያ ፍርሃቴ የፈጠረው መሰለኝ። ግን ጎኔ ያለው ወታደርም ቀና አለ። ሻምበሉ እጃቸውን አነሡ።

«አቁም።»

ሾፌሩ አቆመ። ወታደሮቹ እየዘለሉ ወርደው ግራና ቀኝ ሣሩ ውስጥ ተኙ። ሻምበሉ ሽጉጣቸውን አውጥተው ከመኪናዋ ተጠግተው ቆሙ። ፊታቸው በላብ ርሷል፤ እሳቸውም እንደ እኔ ፈርተዋል፤ ይህ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ። የፈራ ባለሥልጣን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁና።

«እንደገና ያው ነው!» አሉ ለሾፌሩ። «እንደገና! ያንን ሰውዬ ዛሬውኑ...» ቃሉን አልጨረሱትም።

እኔ መኪናዋ ውስጥ ሣጥኔን አቅፌ ቀርቻለሁ። ያንን ሰውዬ ያሉት ባለቤቴን ነው። ምናልባት አሁን ጦር ሰፈሩ አጥር ሥር ጋቢውን አጣፍቶ ተቀምጧል፤ እዚህ የተባለውን አያውቅም። መጮህ አማረኝ። 

ሾፌሩ ክዳኑን ከፈተ። ሞተሩን አስነሣው። እንደቆመች ትርታዋ ጥሩ ነው፤ ኳኳታ የለም። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ከወዲያ ወዲህ ነካካ። አንድ ነገር በእጁ ነቀነቀ፤ ኳ፣ ኳ አለ።

«ጓድ ሻምበል፣ ባትሪው ነው» አለ። «ማሰሪያው ላልቶ ከቆርቆሮው ጋር እየተጋጨ ነው። ሞተሩ ምንም አልሆነም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ይዩት። ስይዘው ዝም ይላል።»

ሻምበሉ አዩት። ሾፌሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እህቴ፣ ማሰሪያ የሚሆን ነገር አለሽ?» አለኝ። ሣጥኑን ከፍቼ የቁስል ፋሻ ሰጠሁት። ፊቴን አይቶ፣ «አይዞሽ፣ ሰው የለም አካባቢው ላይ» አለኝ። ጫካ ያሉትን የፈራሁ መስሎታል። ባትሪውን በፋሻ ጠፍሮ አሰረውና መንገድ ቀጠልን። ካምፑ እስክንደርስ እንባዬ ይወርድ ነበር፤ አቧራ ነው ብዬ በነጠላዬ ጠረግሁት።

ካምፑ ውስጥ የነበረውን ነገር አሁን አላነሣውም። ብዙ ሰው ታሞ ነበር፤ ከወሎ የመጣ አንድ ጎልማሳ እጄ ላይ አርፏል። በማግስቱ በዚያችው ጂፕ ተመለስን። ከተማ ስንገባ ጦር ሰፈሩ በር ላይ አወረዱኝ። ሻምበሉ ለዘቡ አንድ ቃል ተናግረው ገቡ። ጥቂት ቆይቶ ባለቤቴ ወጣ። ፂሙ አድጎ፣ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። አልተቃቀፍንም፤ መንገድ ላይ ነን። ጎን ለጎን እየሄድን፣ «እንዴት ነበረች?» አለኝ። «ደህና ነበረች» አልኩት። የባትሪውን ነገር የነገርኩት ቤት ገብቶ ውኃ ከጠጣ በኋላ ነው። መሬት ላይ ተቀመጠና ሳቀ፤ ሳቁ ግን አላምር ሲለኝ ተነሥቼ ጀርባውን ደገፍኩት።

ከዚያ ወዲያም ቢሆን ሰላም አላገኘንም። ጂፗ በሠፈራችን ባለፈች ቁጥር ሁለታችንም የያዝነውን አቁመን፣ ድምፁ እስኪርቅ እናዳምጣለን። እንግዳ ቤት ውስጥ ካለ እያወራ ዝም ስንልበት ግራ ይገባዋል። ባለቤቴ የመንግሥት መኪና ዕቃ ከመጣለት፣ አሞኛል ይል ጀመር።

የታሰረውን ሰው የፈቱት አጨዳው አልቆ ሠራተኞቹ ወደ ደጋ ሲመለሱ ነው። ለምን እንደፈቱት የነገረን የለም። የካድሬው ወሬ ረድቶት ይሁን ወይም ሌላ መካኒክ ጠፍቶ ይሁን አላውቅም። አንድ ቀን ጠዋት ቤታችን መጣ። ግማሽ ሰው ሆኖ ነበር። ባለቤቴ ተነሥቶ፣ «እንኳን በደህና መጡ» ብሎ ሁለት እጁን ይዞ ከራኩባው ሥር አስቀመጠው። ከድሮም በዕድሜ ስለሚበልጠው አንቱ ነበር የሚለው። ውኃ ሰጠሁት። ሞርሳውን ያያል፣ እጁን ያያል። ሊጠይቅ አፉን የከፈተ መሰለኝ።

«ዘይቱ አርጅቶ ነው» አለው ባለቤቴ፣ ሳይጠየቅ። «ማጣሪያውም ተደፍኖ።»

«እንደሱ ነው?»

«እንደሱ ነው።»

ሰውዬው ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ውኃውን ጨርሶ ጠጣ። ስለ ሞተር ሌላ ነገር አላወራንም። ስለ ማሽላው ዋጋ፣ ስለ ሙቀቱ አውርተን ሄደ።

ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው አንድ የገበያ ቀን ሚስቱ ማልዳ መጣች። በቅርጫት ዶሮዎቿን ይዛለች።

«ከድንበሩ ማዶ ገላባት ተሻግረን ገዳሪፍ ዘመድ ልንጠይቅ ነው» አለችኝ። «እስክመለስ ያዢልኝ።»

«እሺ፣ እታለም።»

ገዳሪፍ ዘመድ እንደሌላት አውቃለሁ። እሷም እንደማውቅ ታውቃለች። ጉንጬን ሳመችኝ፤ ከንፈሯ ቀዝቃዛ ነበር። ባሏ ከመንገዱ ማዶ የሱዳኖቹን ረጅም ቀሚስ፣ ጀላቢያ ለብሶ፣ ገበያተኛ መስሎ ቆሟል። ባለቤቴ ከራኩባው ሥር ሆኖ እጁን አነሣለት። ተከታትለው ወደ ድንበሩ አቅጣጫ ሄዱ። ቀኑን ሙሉ ተኩስ እሰማለሁ ብዬ ስጠብቅ ዋልኩ። ምንም አልሰማሁም። ፀሐይ ስትወርድ ዶሮዎቹ ግቢውን አላወቁትምና ከአጥሩ ሥር ተሰብስበው ቆመዋል። አንድ በአንድ ይዤ አስገባኋቸው።